ወንዙ ሲሞላ ዝም ያለው ማሽን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሚሴ ገበያ ውስጥ በሰላም ማለፍ አልቻልኩም። ጨርቅ ልገዛ ስሄድ ነጋዴዋ ስልኳን ትዘረጋልኛለች፤ «እቴ ዘሀራ፣ ድምፁ ጠፋብኝ፤ በሞቴ እስቲ እይልኝ።» የባጃጅ ሹፌሩ ሳይቀር ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ቴፑን እንዳይለት ይለምነኛል። «ኸረ እኔ የስልክ ጠጋኝ አልነበርኩም» ስላቸው «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የምትሠሪው?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ መንገድ ላይ ቆሜ የምሰጠው መልስ የለኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው አሰብኩ።

ሥራዬን የጀመርኩት በመገናኛ ሬዲዮ ጥገና ነው። ትምህርቴን ኮምቦልቻ ጨርሼ እዚሁ ዞናችን ውስጥ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ባቲ ነበር፤ ሙቀቱ የመበየጃ ካውያውን ኤሌክትሪክ ላይ ሳልሰካው የሚያግልልኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሰንበቴ፣ ከዚያ ተመልሼ ከሚሴ። ሴት ልጅ የአንቴና ምሰሶ ላይ ስትወጣ ለማየት ሰው ሥራ ፈቶ ይሰበሰባል። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ እወጣለሁ። ከታች አንዷ እናት «ያ ረቢ! ልጂቱን ጠብቃት» ስትል ይሰማኛል። ደመወዙ ጥቂት፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ይህን ካልኩ ይበቃል።

ሬዲዮዎቹ ሲያረጁ ኮምፒውተሮች መጡ። ከጋሼ ይመር ጋር የተዋወቅሁት ያኔ ነው። ጋሼ ይመር ከደሴ የተመደቡልን ኢንጂነር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። የተገናኘን ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኮምፒውተር ደርቆ ቆሟል። ስክሪኑ ጠቁሯል፣ ኪቦርዱ አይሰማም። እንደለመድኩት እጄን ወደ ማጥፊያው ሰደድኩ።

«ተይው!» አሉኝ። «ካጠፋሽው የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።»

«ሞቷል እኮ፣ ጋሼ።»

«ማን ነገረሽ? የሞተው ስክሪኑ ቢሆንስ?»

ከቦርሳቸው አንድ ተራ ገመድ አወጡ። ሲሪያል የሚባለው የድሮ ገመድ ነው፤ ለሥራችን የሚያስፈልጉት ሦስት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ይልካል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ «መሬት» የምንለው የጋራ መመለሻ ነው። ማሽኑ ላይ ከመሰካታቸው በፊት የመላኪያውንና የመቀበያውን ጫፍ በቁራጭ ሽቦ አገናኙና ላፕቶፓቸው ላይ ስማቸውን ጻፉ። የጻፉት ስም በገመዱ ዞሮ ተመለሰላቸው።

«መጀመሪያ የራስሽ ድምፅ ለራስሽ መመለሱን እይ። ገመዱ ውሸታም ከሆነ ማሽኑን በከንቱ ታሚዋለሽ።»

ከዚያ «ቢስሚላህ» ብለው ሰኩት። አንድ የተለየ ምልክት ልከው አንድ ፊደል ነኩ። መጀመሪያ የመጣው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነበር። «ፍጥነታችን አልገጠመም» አሉና አስተካክለው ደግመው ነኩ። በዚህ ጊዜ ጽሑፉ እንደ ዶፍ ዝናብ ወረደ። ሞቷል ያልኩት ማሽን በሦስት ሽቦ ያወራል! እያንዳንዱ ፕሮግራም የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

የሚያወራው ከርነሉ ነው። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ ፕሮግራሞች ሁሉ ዲስኩንም፣ ሰዓቱንም፣ ማህደረ ትውስታውንም የሚያገኙት በእሱ በኩል ነው። ሰው ግን አያየውም። ያን ዕለት ግን አየሁት። «ሱብሐነላህ!» አልኩ። ጋሼ ይመር ዞር ብለው አዩኝና «አይዞሽ፣ እኔም ገና አልለመድኩትም» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእሳቸው ሥር አልጠፋሁም። ማሽን ሲታመም መጀመሪያ መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ መሞቅ መቀዝቀዙን ያያሉ። «አብዷል» የሚል ሰው አይወዱም። «ያበደ ማሽን አላየሁም፤ ያልገባኝ ማሽን ግን ብዙ አይቻለሁ» ይላሉ። በመኸር ወቅት ከጨፋ ገበሬዎች ጥንቅሽ ይገዛሉ፤ ማሽኑ እስኪነሳ ደጅ ቆመው ይመጥጡታል። ከዚያ እጃቸውን ሙልጭ አድርገው ታጥበው ይገባሉ። ጥንቅሽ በነካ እጅ ሰርኪት መንካት ለእሳቸው ነውር ነው። ስህተቱን ሲያገኙ ደግሞ አይስቁም፣ አይፎክሩም። አንገታቸውን ደፍተው ይቆያሉ፤ ስግደት ላይ ያሉ ይመስለኝ ነበር።

ከሥራዎቼ ሁሉ አጥንቴ ውስጥ የቀረው የቦርከናው ነው።

ቦርከና ክረምት ላይ ሲሞላ የጨፋ ሸለቆን ግራና ቀኝ ያጥለቀልቃል። ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ለምለሙ ሣር ላይ እንዳሰማሩ ደራሽ ጎርፍ ይደርስባቸዋል። እዚያ ሜዳ ላይ ዝናብ ጠብ ሳይል ከላይ ዘንቦ ውሃው በድንገት ይመጣል። ስለዚህ ከሸለቆው በላይ አንድ ድልድይ ሥር የማስጠንቀቂያ ጣቢያ ተተከለ። ነገሩ ቀላል ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ። ውሃው ሲያነሳው በላዩ ያለው ማግኔት ማብሪያዎቹን እየነካ ያልፋል፤ በነካ ቁጥር ወደ ሳጥኑ አንድ ምት ይሄዳል። ሳጥኑ ውስጥ የራሱ ከርነል ያለው ትንሽ ኮምፒውተር አለ። ውሃው ከልክ ካለፈ በሬዲዮ ታች ሸለቆው ውስጥ ጨፋ ሮቢት ያለውን ሳይረን ያስጮኻል።

በጋውን ሙሉ ሞከርነው። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ሰውን ሰብስበን ሳይረኑን አሰማን፤ «ይህን ስትሰሙ ከብቱን ወደ ዳገቱ አውጡ» አልን። አያ ሰይድ የሚባል ከብት አርቢ፣ እኩያዬ የሚሆን ሰው፣ በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀለ ሁሉንም ሲያስረዳልን ዋለ። ከዚያ በፊት ክረምት ሲገባ ከብቱን ወደ ዳገቱ ያርቅ ነበር። ያን ዓመት ግን ታችኛው ሣር ላይ አቆያቸው፤ ማሽኑ ይነግረኛል ብሎ።

ማሽኑ አልነገረውም።

በነሐሴ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ቦርከና ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። ሳይረኑ ዝም አለ። አያ ሰይድና ባለቤቱ ዋርካ ላይ ወጥተው ተረፉ፤ የሰው ነፍስ አልጠፋም፣ አልሐምዱሊላህ። ላሞቻቸው ግን ዓይናቸው እያየ ሄዱ። ውሃው እንደጎደለ ከጋሼ ይመር ጋር ወደ ድልድዩ በረርን። የሳጥኑ መብራት በርቷል፤ ማሽኑ ግን ደርቋል። ጋሼ ይመር ገመዱን ፈትነው ሰኩት፤ ምልክቱን ላኩ። መልስ የለም። ደገሙት። አሁንም የለም። ያን ዕለት ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም።

«ሲሞት የሚጮህ ማሽን አለ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የት እንደወደቀ ይናገራል። ይሄኛው ግን ሳይናገር ነው የሞተው።»

በማግስቱ አያ ሰይድ ቢሮ መጣ። ይጮህብናል ብዬ ስጠብቅ በሩ ላይ ቆሞ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ማል ጄዴ?» አለ። ማሽኑ ምን አለ ማለቱ ነው።

«ምንም አላለም፣ አያ ሰይድ።»

«ምንም?»

«ምንም። ለምን ዝም እንዳለም አላወቅንም።»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አለቃችን አቶ ጀማል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ነገር ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። «ሲደርቅ ራሱን አጥፍቶ የሚያበራ ነገር ግጠሙለትና ይብቃ» አሉን። ጋሼ ይመር «እንገጥማለን» ብለው መለሱ፤ «ግን ጠፍቶ እስኪነሳ ድረስ ውሃው ጨፋ ይደርሳል። እስከ መጪው ክረምት ጊዜ ይስጡን፣ ምክንያቱን እናገኛለን።» አቶ ጀማል ተነፈሱና «በሉ እሺ» አሉ።

ሳጥኑን ቢሮ አምጥተን በርሜል ውሃ ውስጥ ተንሳፋፊውን ከትተን ውሃውን ከፍ ዝቅ ስናደርግ ወራት አለፉ። ማሽኑ እንደ ደህና ተማሪ እያንዳንዱን ምት ይቆጥራል። አይታመምም። አንድ ቀን በርሜሉን እያየሁ ያ ደራሽ ትዝ አለኝ፤ ግንዱ፣ ድንጋዩ፣ የድልድዩ መንቀጥቀጥ።

«ጋሼ፣ እዚህ ውሃው ጨዋ ነው» አልኳቸው። «ተንሳፋፊውን ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሳው። ቦርከና ግን ያንቀጠቅጠዋል። ማግኔቱ ሲንቀጠቀጥ አንዱን ማብሪያ ደጋግሞ ይነካዋል፤ ምቱ ይዘንብበታል።»

«ይዘንብበታል!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «በምን እናንቀጥቅጠው? እጅ አይችለውም።»

የወንድሜ ባልንጀራ ሐሰን ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አለው። ማግኔቱን ከመርፌው ዘንግ ላይ በክር አሰርነው፤ ማብሪያውን ጎኑ አቆምን፤ ሳጥኑንና ላፕቶፑን የቀሚስ ጨርቅ መሐል ደረደርን። ሐሰን ግራ ገብቶት «እና እኔ ምን ልስፋ?» አለ።

«ምንም አትስፋ፤ ዝም ብለህ ርገጥ» አልኩት።

ረገጠ። ምቱ ይንጣጣ ጀመር። ባጃጆች ቆሙ፣ ሰው ከበበን። አንዱ «ምን እየሰፋችሁ ነው?» ሲል ሌላው «ኮምፒውተር» ብሎ መለሰለት። ሐሰን ላቡን እየጠረገ ረገጠ፣ ረገጠ፤ ድንገት ላፕቶፑ ላይ የሚወርደው ጽሑፍ ቀጥ አለ። ምልክት ላክን፤ መልስ የለም። ልክ እንደ ድልድዩ ዕለት ሳይናገር ሞተ። ጋሼ ይመር የሐሰንን ትከሻ ይዘው «አላህ እግርህን ይባርክ!» አሉት። ማሽን ስለሞተ የምንደሰት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ምክንያቱን ማግኘት ግን ሌላ ሥራ ነበር። ከርነሉ በየደረጃው የት እንደደረሰ በረጅሙ እንዲጽፍልን አደረግን። ሐሰን ቢረግጥ፣ ቢረግጥ ማሽኑ አልሞት አለ። እኔ «ዳነ!» ስል ጋሼ ይመር ፈገግ አሉ።

«አልዳነም። ብዙ ስናስወራው ሥራው ቀስ አለ እንጂ። ከወሬው የተነሳ ወደሚወድቅበት ጉድጓድ አይደርስም። አንድ አንድ ፊደል ብቻ ይናገር።»

እንዲህ አደረግነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል። አንዱ አንባቢ ነው፤ የተቆጠረውን ምት አንብቦ ያስተላልፋል። ሌላው ቆጣሪ ነው፤ ምት በመጣ ቁጥር ሌላውን ሥራ ሁሉ አቋርጦ ይገባል። የሚነኩት አንድ ቁጥር ስለሆነ እንዳይጋጩ አንድ መቆለፊያ ተበጅቶላቸዋል፤ ቁልፉን የያዘ ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል። አንባቢው ቁልፉን ሲይዝ «ያ»፣ ሲለቅ «ለ»፤ ቆጣሪው ሲገባ «ገ»፣ ሲወጣ «ወ» እንዲል አደረግን። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ እኔ ግን በአማርኛ ነው የማነበው። ፊደሉ በቀጥታ ወደ ገመዱ ነው የሚጣለው፤ በመሐል የሚያዘገየው ነገር የለም።

ሐሰን ቀስ እያለ ሲረግጥ «ያለ፣ ያለ፣ ገወ፣ ያለ» እያለ ወረደ። ያለ፣ ያለ ሲል አለሁ፣ አለሁ የሚል መስሎኝ አንጀቴን በላኝ። «አሁን ፍጠን!» አልኩት። ሐሰን እግሩን ለቀቀው። «ገወ ገወ ያለ ገወ ያለ ገወ ገወ» እያለ ሲንዶቀዶቅ ቆየና ቆመ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ፊደሎች ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ያ። ገ።»

ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ጋሼ ይመር «ድገሚልኝ» አሉ። «ያ፣ ገ» አልኩ። የስፌት መኪናው ጎማ ገና ይዞር ነበር።

አንባቢው ቁልፉን ይዟል። ሳይለቅ ምት መጥቷል። ቆጣሪው አንባቢውን ባለበት አስቁሞ ገብቷል፤ ቁልፉን ፈለገ፣ ተይዟል፤ እስኪለቀቅ ሊጠብቅ ቆመ። ቁልፉን የያዘው ግን እሱ ራሱ ያስቆመው አንባቢ ነው። ቆጣሪው ካልወጣ አንባቢው አይንቀሳቀስም፤ አንባቢው ካልለቀቀ ቆጣሪው አይወጣም። ማሽኑ ራሱን እየጠበቀ ነበር። የእኛን ምልክት ያልሰማውም ለዚህ ነው፤ በሩን ሁሉ ዘግቶ ነበር የሚጠብቀው።

«ያ» እና «ለ» መሐል ያለው ጊዜ ዓይን ከሚርገበገብበት እጅግ ያነሰ ነው። በጋ ላይ ምት አልፎ አልፎ ስለሚመጣ እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ለመውደቅ ዕድሜ ልክም ላይበቃ ይችላል። ደራሽ ሲመጣ ግን ምቱ ስለሚዘንብ አንዱ መውደቁ አይቀርም። ከሚሴ ገበያ ዳር፣ በስፌት መኪና እየቀጠቀጥን፣ ዓይን የማያያትን ያቺን ስንጥቅ በሁለት ፊደል አየናት። ዛሬም ሳስበው እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

መድኃኒቱ አጭር ነበር፤ አንባቢው ቁልፉን በያዘባት ቅጽበት ምት ደጅ ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ጋሼ ይመር «አንቺ ጻፊው» አሉኝ። ጻፍኩት። ሐሰን እግሩ እስኪዝል ረገጠ፤ ማሽኑ አልሞተም። በማግስቱም ረገጠ፤ አልሞተም።

ወደ ጨፋ ወርጄ አያ ሰይድን ፈለግሁት። ዘመድ ወዳጁ አንድ አንድ ጊደር ሰጥቶት ከብት ማቆም ጀምሯል። ሜዳው ላይ ቁጭ ብለን ነገሩን እዚህ እንደጻፍኩት አስረዳሁት። ዱላውን መሬት ላይ እያሽከረከረ ጨርሶ ሰማኝ።

«ራሱን ነበር የሚጠብቀው?» አለ።

«ራሱን።»

«እኔ እሱን እጠብቃለሁ፣ እሱ ራሱን ይጠብቃል።» ዱላውን ማሽከርከሩን ተወ። «አሁንስ ልመነው?»

እመነው ማለት ከብዶኝ «ያቺ በሽታ ድናለች፤ ሌላ ካለ አላውቅም» አልኩት። «ሰማዩን ማየትህን አትተው። ሳይረኑን ስትሰማ ደግሞ አትቆይ።»

«ኢንሻአላህ» አለኝ። «ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ፣ ዘሀራ። መጥተሽ በመንገርሽ ደግ አደረግሽ።»

ሳጥኑን ወደ ድልድዩ መልሰን ተከልነው፤ ክረምቱ ገባ። ከላይ በኩል ሰማዩ በጠቆረ ዕለት ጋሼ ይመር ሳይረኑ ጋ ጨፋ ሮቢት ሆኑ፤ እኔ ከሹፌሩ ጋር ድልድዩ ጋ ቀረሁ። ገመዱን ሳጥኑ ላይ ሰክቼ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ድምፁ ከውሃው ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ ቦርከና ቀይ ሆኖ መጣ፤ የድልድዩ ብረት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊደሎቹ ከበፊቱ ሁሉ ፈጥነው ይወርዳሉ፤ ማንበቡን ትቼ መቆማቸውን ብቻ እጠብቃለሁ። አንድ ግንድ መጥቶ ቱቦውን መታው። ፊደሎቹ አልቆሙም። ከርነሉ ያን ሁሉ ቁጣ ምት በምት እየተቀበለ፣ ቁልፉን እየያዘ እየለቀቀ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል።

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። «ዘሀራ! እየጮኸ ነው! ይሰማሻል? እየጮኸ ነው!» ጋሼ ይመር ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ በዘመኔ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከኋላቸው ሳይረኑና የሰው ጩኸት ይሰማል፤ «ሎላን ዱፌ! ጎርፍ መጣ!» እየተባባሉ ነበር።

ሹፌሩ ትከሻዬን ነካ አድርጎ በእጁ ወደ ታች አሳየኝ። ከስክሪኑ ቀና አልኩ። ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ይንቀሳቀስ ነበር። ላሙ፣ ፍየሉ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ ዱላ የያዘው፣ ሁሉም ተራ በተራ ዳገቱን ይዘው ይወጣሉ። ውሃው ገና ሜዳው ላይ አልደረሰም። ሲደርስ የሚያገኘው ሣሩን ብቻ ነበር።